የድስቱ ክዳን

«ፖሊዮ ከሆነ ቤታችን ሕፃን የለም!»

ሳያት ከአምሐ አፍ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። የፍቅር ታሪክ በዚህ ይጀመራል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ የእነሱ የተጀመረው እንዲህ ነው!

ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ ዝገት የበላው የቆርቆሮ በር ላይ ቆማለች። ትከሻዋ ላይ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን አንጠልጥላለች፤ ጫማዋን ጭቃ ውጦታል። በሩን የከፈተው ረጅም ወጣት ደግሞ ፀጉሩም ቅንድቡም የእንጨት ብናኝ ለብሷል።

«ፖሊዮ አይደለም» አለች።

«አይስክሬም ነዋ?»

«ሻጋታ ነው።»

«ትሸጫለሽ?»

«እፈልጋለሁ!»

ሳቁ አመለጠው። «እንግዲያማ ቤትሽ መጥተሻል፤ ግቢ።»

አምሐ ይባላል፤ አናጺ ነው። ሳያት የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው በቤት ውስጥ አየር የሚንሳፈፈው ሻጋታ፣ ሰው ሲተነፍሰው ምን እንደሚያደርገው ነው። ሰፈሩ ውስጥ አርባ ቤት መርጣለች። በዚህኛው ቤት የሚያስሉት የአምሐ እናት፣ እማማ ወለተጻድቅ ናቸው። ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሳሉ ሲነሳባቸው አልጋው አብሯቸው ይንቀጠቀጣል።

ሳያት ከሳጥኗ ሦስት ትንንሽ ክብ ሳህኖች አወጣች።

«እማማ፣ እዚህ ውስጥ ያለው የሻጋታ ምግብ ነው። አየር ላይ ያለው ይወድቅበትና በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ለአንድ ሰዓት ክፍት ይሁኑ፤ እኔ ጎረቤት ደርሼ እመጣለሁ።»

«ምግብ ነው አልሽኝ?»

«አዎ።»

«ሂጂ የኔ እናት። እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

አምሐ ሳጥኗን ከትከሻዋ ተቀብሎ ጎረቤት ድረስ ሸኛት። በሁለተኛው ጊዜ ስትመጣ አንድ ነገር ሠርቶ ጠበቃት፤ ባለ ሦስት እግር ትንሽ ማስቀመጫ።

«ሳህኖቹን መሬት ላይ ለምን ታስቀምጫለሽ? እማዬ እኮ መሬት ላይ አይደለም የምትተነፍሰው» አላት። ማስቀመጫው ከእማማ ትራስ ጋር እኩል ነበር። እሷ እንኳ ያላሰበችውን! ሳያት እንጨቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሳይኖራትም ቀራንዮ መመላለስ ጀመረች። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ ጃኬቱን አልብሷት፣ «ብናኝ አለበት፣ ይቅርታ» አላት። ያን ቀን ጃኬቱን ሳትመልስለት ሄደች፤ ረስታ እንዳልሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን።

ሦስት ጊዜ ሳህን አስቀመጠች። ሦስቱንም ጊዜ ምንም አልበቀለም።

«ቤታችሁ ንጹሕ ነው!» አለችው ደስ ብሏት።

አምሐ ግን አልሳቀም። «ታዲያ እማዬን የሚያስላት ምንድን ነው?»

ሳያት ዓይኗ ሸሚዙ ላይ አረፈ። «ምናልባት... የእንጨቱ ብናኝ ይሆናል።»

አይ አንቺ ልጅ! በማግስቱ አምሐ ልብሱን በከረጢት ሸክፎ አስኮ፣ የጓደኛው የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ማደር ጀመረ። እናቱን በሳምንት አንዴ ይጠይቃል፤ ደጅ ላይ ቆሞ። ሳያት ደወለችለት።

«ምነው ጠፋህ?»

«የምገድላት እኔ ነኝ እንዴ ሳያት? ሁለት ዓመት ሙሉ በልብሴ ተሸክሜ እያስገባሁ...»

«እንደዛ አላልኩም!»

«አልቀየምኩሽም። ግን ድምፅሽን በሰማሁ ቁጥር ያቺ ምናልባትሽ ትመጣብኛለች። እባክሽ አትደውይልኝ።»

ከዚያ በኋላ ሳያት ዕረፍት አጣች። ታክሲ ውስጥ አልቀመጥ ይላታል፤ ፌርማታው ሳይደርስ «ወራጅ!» ትላለች። ምግብ ቀርቦላት ትነሳለች። ስልኳን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ናፍቆት ብቻ ቢሆን በቻለችው፤ የከነከናት ሌላ ነገር ነው። ልጁ ቤቱን ለቆ፣ ብናኙም አብሮት ሄዶ፣ የእማማ ሳል ግን ባሰበት።

«ልጄ እንደ ባዳ ደጅ ቆሞ ያናግረኛል» ብለው አለቀሱባት አንድ ቀን። «ግባ ስለው፣ ተይኝ ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ይደርሳል። ምን በደልኩት?»

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ጠዋት አማካሪዋ ዶክተር ታዲዮስ ሠንጠረዡን እያገላበጡ ቆም አሉ።

«ይቺ ቤት ጨረቃ ላይ ናት እንዴ?»

«ምን አሉኝ?»

«ሦስት ጊዜ ዜሮ! ሰው በሚኖርበት ቤት፣ በክረምት፣ ዜሮ አይመጣም። የእኔ ቢሮ እንኳ ሰባት የሻጋታ ነጠብጣብ አብቅሏል። የሆነ ስህተት አለ። አውጪያትና በሠላሳ ዘጠኙ ቀጥይ፤ ጊዜ የለሽም።»

ሳያት ቦርሳዋን እንኳ አላነሳችም። እየሮጠች ወጥታ ቀራንዮ ደረሰች።

«እማማ፣ ሳህኖቹን ነክተዋቸው ነበር?»

«በስማም! እኔ ምን ቆርጦኝ!» አሉ እማማ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው። «ከደንኩልሽ እንጂ።»

«ከደኑልኝ?»

«በትልቁ ድስት ክዳን። ምግብ ነው አላልሽኝም? የምግብ ዕቃ ክፍት ይተዋል እንዴ ልጄ? ዝንቡ፣ አቧራው! ደግሞ ክፍት ይሁን ብለሽ ስለነበር እንዳይከፋሽ፣ የግቢው በር ሲንኳኳ አነሳልሽ ነበር።»

ይሉኝታችን ስንቱን ጉድ ይሠራናል! ሳያት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ። በዚያው እግሯ አስኮ ሄደች።

አምሐ መጋዙን አጠፋ።

«ዜሮው ውሸት ነው» አለችው ገና ሳትተነፍስ። «እማማ ሳህኖቹን ከድነዋቸው ነበር። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ለምን ክፍት እንደሚሆኑ አላስረዳኋቸውም። ሳላውቅ ደግሞ ምናልባት አልኩህ።»

«ሁለት ወር ሳያት! ሁለት ወር እናቴን ደጅ ቆሜ ነው ያናገርኳት!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም!» ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ ወረወረው።

ሳያት እንባዋን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገች፤ አዎ፣ የእሱን ጃኬት ነው የለበሰችው። «ብትጠላኝም ቤትህ ግባ» ብላው ወጣች።

ቅዳሜ ዕለት ሳህኖቿን ይዛ ስትመጣ አምሐ ቤት ውስጥ ነበር። ሰላም አላላትም። «በዚህ በኩል ያዢልኝ» ብቻ አላት።

ቁምሳጥኑን ነው። የመጀመሪያ ሥራው ነበር፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለእናቱ የሠራው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከእማማ ራስጌ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱ ገፍተው ሲያነሱት ግድግዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ ጠቁሮ፣ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሎ ታየ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«እኔው ነኝ ያስጠጋሁት» አለ አምሐ ድምፁ ተሰብሮ። «ግድግዳው ሲረጥብ እንዳይታያት ብዬ... ሳያት፣ ይሄ ነው አይደል?»

«እስክለካው ድረስ ምንም አልልህም» አለችው። «ግን እማማ ዛሬውኑ ከዚህ ክፍል ይውጡ።»

ያን ቀን ሳህኖቹ ክፍት ዋሉ። እማማ ሳሎን ሆነው በበሩ እያዩ ሁለት እጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። «እጄ እኮ አላስችል አለኝ!» እያሉ። በሳምንቱ ሳህኖቹ ላይ ከሻጋታው ብዛት ጣት ማሳረፊያ ቦታ አልነበረም።

አምሐ ከአስኮ ከረጢቱን ይዞ ተመለሰ። የበሰበሰውን ልስን አፍርሶ፣ ከቤቱ ጀርባ ቦይ ቆፍሮ፣ በቁምሳጥኑ ቦታ መስኮት ከፈተ። ልብሱን ደጅ እያራገፈ ይገባል፤ ሳያትንም ይቅር ብሏታል። ሳያት በበኩሏ አርባውንም ቤት እየዞረች ጠየቀች። አሥራ አንዱ ቤት ከድኗል!

«አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይጎትትሻል» አሏት ዶክተር ታዲዮስ።

«ይጎትተኝ። እንደገና እለካለሁ።»

ክረምቱ ወጣ። ሳሉ ጨርሶ ባይተዋቸውም፣ አንድ እሑድ ጠዋት እማማ ወለተጻድቅ ዳገቱን ሳያርፉ ወጥተው መድኃኔዓለምን ተሳለሙ። አምሐ ከኋላቸው እየሄደ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የዚያን ቀን ከሰዓት ሳያት የመጨረሻዎቹን ሳህኖች ይዛ መጣች፤ አራት ነጠብጣብ ብቻ በቅሎባቸዋል። ከአምሐ ጋር በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ።

«ሳያት...»

«እ?»

«ምናልባት... ትወጂኝ ይሆን?»

ቀና ብላ አየችው። ቅንድቡ ላይ አሁንም ብናኝ አለ። በአውራ ጣቷ ጠረገችለት።

«ምናልባት ማለት ትቻለሁ» አለችው።

«እና?»

«እወድሃለሁ። ከዚያ ከፖሊዮው ቀን ጀምሮ!»

እጇን ያዘ። «እኔም። ሽማግሌ ልልክ ነው፤ እንዳትከለክዪኝ።»

«ቶሎ ላክ!»

ከውስጥ የእማማ ድምፅ መጣ፤ ሳቅ ሳቅ ይለዋል። «እናንተ ልጆች! በሩን ክደኑት፣ ጎረቤት ይሰማል!»

«ይስማ እማዬ!» አለ አምሐ በሩን ይበልጥ በርግዶ። «አየር ይግባበት!»