ባዶው ሳህን

«እጅሽ ኪስሽ ውስጥ ይቆይ» አለች አክስቷ ጓንቷን እያጠለቀች። «ማየት ብቻ ነው የተፈቀደልሽ።»

ለምንዬ እጇን ኪሷ ከታ አንገቷን አሰገገች። ለምንዬ ቤተሰቡ ያወጣላት ቅጽል ስም ነው፤ አፏን ስትፈታ «ለምን?» ማለት ጀምራ ዛሬ አሥራ አራት ዓመት ሆኗትም አላቋረጠችም። ጥያቄዋ የማይሰለቻት የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነችው አክስቷ ብቻ ናት።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክብ የፕላስቲክ ሳህኖች ተቀምጠዋል። አንደኛው ላይ ከሌላ ታማሚ የተወሰደው ባክቴሪያ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ተዘርግቷል፤ በላዩም መድኃኒት ውስጥ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተደርድረዋል። በአንዳንዶቹ ዙሪያ ባክቴሪያው ሳይበቅል ቀርቶ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። አንዱን ወረቀት ግን አልፈራውም፤ እስከ ጠርዙ ድረስ በቅሏል።

«ይሄኛውን ለምን ናቀው?»

«መድኃኒት ጀምረን ስናቋርጠው ጠንካሮቹ ይተርፋሉ። ከዚያ የሚባዙት እነሱ ናቸዋ» አለች አክስቷ። እንዲህ ዓይነቱ ባክቴሪያ ለሆስፒታሉ አዲስ ቢሆንም በዚህ ወር ብቻ የአራት ልጆችን ሆድ እንዳሳመመ ነገረቻት።

ሁለተኛው ሳህን ላይ የተዘራው የትንሽ ወንድሟ የማሙሽ ሰገራ ናሙና ነው። ማሙሽ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ፎቅ ላይ ከተኛ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳህኑ ግን ታጥቦ የተቀመጠ ይመስል ባዶ ነው። ትኩሳቱ በረድ ስላለና ምንም ስላልተገኘበት ሐኪሙ ዛሬ ከሰዓት ሊያስወጣው ወስኗል። ለአክስቷ ግን ነገሩ አልዋጥላት ብሏል።

«ባክቴሪያው ሆዱ ውስጥ እያለ ሳህኑ ላይ ላይበቅል ይችላል?» አለች ለምንዬ።

«ናሙናው ከመወሰዱ በፊት መድኃኒት ቀምሶ ከሆነ፣ አዎ። ጥቂት መድኃኒት ያዳክመዋል እንጂ አይጨርሰውም። እዚህ ይጠፋብናል፤ እቤት ሲገባ ይነሳበታል። ግን እናትሽን ጠይቄያት ምንም አልወሰደም ብላኛለች።»

ለምንዬ ዓይኗን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ባለፈው ወር ታማ የታዘዘላትን መድኃኒት በሦስተኛው ቀን ሲሻላት ትታው፣ «ጨረስኩ» ብላ የተረፈውን እስክሪብቶ መያዣዋ ውስጥ ደብቃው ነበር። ማሙሽ ሆዱን ይዞ ሲያለቅስ እናቷ ሥራ ላይ ነበረች። ለምንዬ አንዱን እንክብል ከፈተች፤ ትንሽ ነው፣ ግማሹ ይበቃዋል ብላ በስኳር ውሃ በጠበጠችለት። ማታ አንዴ፣ ጠዋት አንዴ። እንደ ሐኪም አሰብኩ ብላ ኮርታም ነበር። ሆስፒታል ሲገባ ግን ፈራች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ዝም አለች።

እናቷ «የኔ ልጅ ዋሽታኝ አታውቅም» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ትናገራለች። ለምንዬ ይህን ስታስብ አፈረች። ባዶውን ሳህን እንደገና አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የእንክብሉን ማሸጊያ ከእስክሪብቶ መያዣዋ አወጣችና ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠች።

አክስቷ ማሸጊያውን አየች፤ እሷን አየች። አልተቆጣችም። እስክሪብቶ አንስታ «መቼ መቼ? ምን ያህል?» አለቻትና የነገረቻትን አንድ በአንድ ጻፈች። ወዲያው ለሐኪሙ ደውላ ልጁ እንዳይወጣ፣ አዲስ ናሙናም እንዲወሰድለት አስረዳች።

«ለእናትሽ እኔ ልንገርልሽ?» አለች ስልኩን ዘግታ።

ለምንዬ እሺ ልትል ምንም አልቀራት። «አይ፣ እኔው እነግራታለሁ» አለች።

ፎቅ ላይ እናቷ ለማሙሽ አንዱን ጫማ አድርጋለት ሌላውን ትፈልጋለች። ለምንዬ ከአልጋው ስር አገኘችውና አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«እማ፣ ያንንም አውልቂለት። ዛሬ አንሄድም።»

«ለምን?» አለች እናቷ።

ለምንዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከእስክሪብቶ መያዣዋ ጀምራ ትነግራት ጀመር።