አባ ፊሽካ እና የኬላ ሰፈር አውቶቡስ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ወተት እንደሚያቀጥን ነጋዴ ውሃ አልጨመርኩበትም። ጨምሬ ብገኝ የአዌቱ ወንዝ በክረምት ሙላቱ ይውሰደኝ፤ ወስዶም ጊቤ ላይ ይጣለኝ። በዓይኔ ያየሁትን እንዳየሁት፥ ያላየሁትን ደግሞ ካየው ሰው አብልጬ ዐውቄ ጽፌዋለሁ። ማስረጃ የሚል አንባቢ ካለ አስቀድሞ ጅማ ይምጣና አንድ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ይጠብቅ፤ እውነት ምን ያህል እንደምታስመርር ያኔ ይገባዋል።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፥ ኅዳር ሲጋመስ፥ የአጋሮና የሊሙ ቡና ወደ ጅማ ፈሰሰ፤ የጭነት መኪናውም ሰልፍ ከመርዘሙ የተነሣ ጭራው ላይ ያለው ሾፌር፥ ፊት ያለው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዷል ይባላል፤ ልጁን እኔ ዐውቀዋለሁ። ከላይ የጅሬን ኮረብታ ጭጋግ ተከናንቦ ይህን ጉድ ይመለከታል፤ ከታች ኬላ ሰፈር አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። ኬላ ሰፈር ማለት ነባሮቹ ሙስሊም ልብስ ሰፊዎች ከከምባታና ከሐድያ ከመጡ ጴንጤዎች ጋር በአንድ አጥር የሚኖሩባት፥ በአንዱ ቤት ዱዓ በሌላው መዝሙር ሲሰማ ሁለቱም በአንድ ቃል የጠፋውን ውሃ የሚራገሙባት ናት። አንድ ጸጋ ብቻ ነበራት፤ ከጅማው መርካቶ ተነሥቶ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ የሚወርደው የከተማ አውቶቡስ በመካከሏ ያልፍ ነበር።

ይህም በዛባት። የጅማ ሰው እንደ መሥመር መለወጥ ያስመረረው ነገር የለም። ድሮ ጋሪ ነበረን፤ ጋሪው ከአስፋልት ተባረረ። ሚኒባስ መጣ፤ ተራውን ስንለምድ ተራው ተነሣ። ወዲያ ማዶ ሄደን ስንለምደው ከወዲያ ማዶም ተነሣ። ባጃጅ መጣ፤ በዚህ ግባ፥ በዚያ አትውጣ ተባለ፤ የገባበትም ያልወጣበትም እኩል ተቀጣ። ባቡርማ ለጅማ በወሬ ስንት ጊዜ ገብቶ በወሬ ወጥቷል። እንግዲህ በዚያ ኅዳር ደግሞ፥ የቡና መኪና መንገዱን ዘጋው በሚል ሰበብ፥ አውቶቡሱ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ኬላን ትቶ በአዲሱ አስፋልት እንዲሄድ ታዘዘ።

ይህ ትእዛዝ ከሁሉ አብልጦ የወደቀው በታቢታ ላይ ነበር። ታቢታ ከዱራሜ የመጣች፥ ባሏ የሞተባት፥ በኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ በር ላይ ለተማሪ ምሳ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። በየማለዳው የወጥ ድስቶቿንና የእንጀራ መሶቧን ይዛ የምትሳፈረው በዚያ አውቶቡስ ነው። ባጃጆች አይጭኗትም፤ አንዱ ጭኗት ሽሮው ወንበሩ ላይ ፈስሶ፥ ይኸው እስከ ዛሬ ተሳፋሪ በገባ ቁጥር ይርበዋል። አውቶቡሱ ከቀረ ድስቱ ኪቶ አይደርስም፤ ድስቱ ኪቶ ካልደረሰ ልጆቿ ያድራሉ እንጂ አይበሉም።

ታቢታም ወደ አባ ፊሽካ ሄደች። አባ ፊሽካ፥ በመዝገብ ስማቸው አቶ አብዱልሰመድ፥ የአጋሮ መሥመር የተራ አስከባሪዎች አለቃ ነበሩ። የጅማ መኳንንት ሁሉ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበረ የታወቀ ነው፤ እሳቸው ፈረስ ኖሯቸው ባያውቅም ፊሽካ ነበራቸውና ሕዝቡ በዚያው ሾማቸው። ፊሽካቸው ጅማ ላይ ሲነፋ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ባለችው አሰንዳቦ ላይ ያሉ ሾፌሮች ፍሬን ይይዙ ነበር።

«አባ፥ እርስዎ ፊሽካ ሲነፉ የአጋሮው ይሄዳል፤ ለእኛም አንዴ ይንፉልን እንጂ፤» አለች ታቢታ፥ ነጠላዋን ይዛ ጎንበስ ብላ።

«ልጄ፥ የእኔን ፊሽካ የሚሰማ ሾፌር ነው። የቢሮ ሰው ጆሮ ወላሂ ከምን እንደተሠራ አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ዘንድ ልሂድ?»

አባ ፊሽካ አጠገባቸው ወደ ተቀመጥሁት ወደ እኔ ዞሩ። «ሚሊዮን፥ ምላስህ ለዚህ ካልሆነ ለምን ቀን ነው? ማሎ፥ እባክህ፥ ሂድና የቢሮውን ሰው አነጋግረው።»

ሄድኩ። የከተማው አውቶቡስ መሥመር ጥናት ኃላፊው ኦሊያድ የሚባል፥ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ፥ ካርታ እንጂ መንገድ አይቶ የማያውቅ ወጣት ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ፤ በንግግሬ መካከል ከጎረቤት ቢሮ ሳይቀር ሰው መጥቶ አለቀሰ። ኦሊያድ ብቻ አላለቀሰም።

«ጋሼ፥ ኬላ ተሳፋሪ የላትም። ባዶ አውቶቡስ ለማን ይሄዳል?»

«ድስቶቹስ?»

«ድስት ተሳፋሪ አይደለም።»

«የተሸከመችውስ?»

«አንድ ናት፤» አለ፤ ቀጥሎም ከጭቅጭቄ ለመገላገል ይመስላል፥ «በቃ፥ ሐሙስ ጠዋት ራሴ እሳፈራለሁ። ሞልቶ ካየሁት መሥመሩ ይቆያል፤ ካልሞላ ዳግመኛ እዚህ ቢሮ አይምጡብኝ።»

ይህን ለአባ ፊሽካ ስነግራቸው ሳቁ። «ሙላት ነው የፈለገው? አልሐምዱሊላህ፤ የባሰ መስሎኝ ነበር።»

እዚህ ላይ አገሬውን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልግለጥ። የአጋሮ አውቶቡስ ሳይሞላ አይነሣም፤ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ የሚገባ ሞኝ የለም፤ መጀመሪያ የገባ ሰው እኩለ ቀን ድረስ ብቻውን ይጋገራልና። ስለዚህ ተራ አስከባሪዎች ተሳፋሪ መስለው የሚቀመጡ ሰዎች አሏቸው፤ አንዱ ያንቀላፋል፥ አንዱ ጋዜጣ ይገልጣል፥ አንዱ ዘንቢል አቅፎ «ምነው አይሄድም እንዴ» እያለ ይነጫነጫል። መንገደኛው ሊሞላ ነው ብሎ ይገባል። እሱ ሲገባ አንቀላፊው ውሃ ልግዛ ብሎ ይወርዳል፥ አይመለስም፤ ሌላው ሲገባ ባለ ዘንቢሉ ይወርዳል። አባ ፊሽካ በዚህ ጥበብ ሠላሳ ዓመት የሠለጠኑ፥ ባዶ አውቶቡስ በመንፈስ ብቻ ሞልተው አጋሮ የሚያደርሱ ጌታ ነበሩ።

ሐሙስ ጠዋት ሠራዊታችን መርካቶ ላይ ከተተ። ሁለት መቶ ሰው ነበር፤ ሦስት መቶ የሚል አለ፥ እኔ ግን ማጋነን አልወድም። ሾፌሩ ኡመይር በሩን እንደ ከፈተ ገባንበት፤ ወንበሩ ሞላ፥ መተላለፊያው ሞላ፥ ደረጃው ሞላ። ኦሊያድ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ ዓይኑን ማመን አቃተው፤ አጠገቡ ወዳለው የእኛ ሰው ዞሮ፦

«አባት፥ ወዴት ይሄዳሉ?»

ሰውየው በሥራ ልማድ፦ «አጋሮ። ዘመድ ልጠይቅ።»

«ይህ እኮ አጋሮ አይሄድም።»

«እንግዲያስ ዘመዴ ይምጣ፤» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ወዲያውም አንኮራፋ።

አውቶቡሱ ኬላ ሲደርስ ታቢታ ከድስቶቿ ጋር ቆማለች። ያን ጊዜ አባ ፊሽካ ከአውቶቡሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ነፉ፤ ሠራዊቱም እንደ በሰለ ቡና አንድ በአንድ ረገፈ፤ ይኸኛው ውሃ ልግዛ፥ ያኛው ስልኬን ረሳሁ እያለ መንገድ ከፈተላት። ታቢታ እንደ ንግሥት ገባች፤ ድስቶቿ እንደ ነጋሪት ተከተሏት፤ ኦሊያድ ወንበሩን ለቀቀላት። ኪቶ ፉርዲሳ ሲደርሱም ክዳኑን ከፍታ አጎረሰችው፤ ጉርሻውን ውጦ ሳይጨርስ «ይህ መሥመር ከእንግዲህ አይነካም» ሲል ዐወጀ፤ ተማሪው እልል አለ፤ አውቶቡሱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዓመታት በኬላ ሰፈር ተመላለሰ።

ድሉ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ፥ አባ ፊሽካ ካለፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ በስማቸው የተጠራ ፌርማታ የለም። ለማያውቁት ሰው አደባባይ የሚሰየምበት አገር፥ ለሳቸው አንድ ምሰሶ ነሣቸው። ይህ አናዶኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ታሪክ ጸሐፊ ያለ እማኝ አይጽፍምና፥ ባለፈው ሳምንት ኪቶ ወርጄ ከላይ ያለውን ሁሉ ለታቢታ አነበብኩላት። አሁን በካምፓሱ በር ላይ የራሷ ምግብ ቤት አላት። ምስር እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጨረሱ፥ ጋሽ ሚሊዮን?»

«ጨረስኩ። የጎደለ ካለ ንገሪኝ፤ እጨምራለሁ።»

«የዚያን ቀን በመስኮት በኩል ነበር የተቀመጡት፤ አይደለም?»

«በመስኮት በኩል።»

«አዎ፥ አየሁዎት። ሲያልፉ እጅዎን አወዛወዙልኝ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አውጥታ ጣለች።

«አልቆመም። ኡመይር አይቶኛል፤ ሊያቆምም ፈልጎ ነበር፤ ግን ሰው በሩ ላይ ተለጥፎ እንዴት ይከፈት? የአጋሮው እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቃል፥ ለመውረድ ጊዜ አላችሁ። የከተማው እየሄደ ነው፤ መውረጃ አጣችሁ። የአባን ፊሽካ ከአውቶቡሱ ውስጥ ሲነፋ ሰማሁት፤ ደጋግመው ነፉ። እየራቀ ሄደ።»

«ኦሊያድስ?»

«ኪቶ ስትደርሱ አንድም ሰው አልወረደም አሉ፤ ሁላችሁም በመጣችሁበት ልትመለሱ። ያኔ ተሳፋሪ አለመሆናችሁ ገባው። ሰኞ አውቶቡሱ በአዲሱ አስፋልት ሄደ። ኬላ አልተመለሰም፥ አንድ ቀን እንኳ።»

«ሰው ግን አውቶቡሱ ተመልሷል ይላል፤» አልኩ።

«ማን ነው የሚለው?»

መልስ ፈለግሁ፤ ከራሴ በቀር ሰው አላገኘሁም።

«አባ ማክሰኞ በጠዋት መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ፤» አለች። «ትልቁን ድስት አንሥተው ራሳቸው ላይ አደረጉና እስከ አዲሱ አስፋልት አደረሱልኝ። ሽማግሌ ናቸው እኮ፥ አንገታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይተዉ ብላቸው እንቢ አሉ። እዚህ ቤት ተከራይቼ ልጆቼን ይዤ ከኬላ እስክወጣ ድረስ፥ አንድ ቀን አላስቀሩም። እሱን አልጻፉትም።»

«አላወቅሁማ።»

«አይ፥ እንዴት ያውቃሉ? ጠዋት አይነሡም።»

የጻፍኩትን አጣጥፌ ኪሴ ልከት ስል እጄን አየችው።

«አይቅደዱት፥ ጋሽ ሚሊዮን። ደስ ይላል፤ ለአባም ይገባቸዋል። እኔን ብቻ ተሳፈረች አይበሉ።»