ረጅሙ ሳውንድባር

«ማይክሮፎኗን የትኛው ውስጥ ነው የቀበርካት?» አለ ሹፌሩ፣ ካርቶኖቹን ከመኪናው እያወረደ።

«ረጅሙ ውስጥ።»

በምሥጢር ስሙ ድርጭት የሚባለው ሰላይ ዋሸ።

ሹፌሩ የእህቱ ባል ነው። ወደ ስለላው ሥራ ያስገባውም እሱ ራሱ ነው። አሁን ግን ከመሥሪያ ቤታቸው የሰላዮችን ስም አውጥቶ የሚሸጥ ሰው አለ። ባልደረቦቻቸው እየታደኑ ተገድለዋል። ቀጣይዋ ተረኛ «ነርሷ» የሚሏት ባልደረባቸው ነች። አለቃው ጠዋት ለድርጭት ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሰጥቶታል።

«ማይክሮፎኗን አጭሩ ውስጥ ቅበራት። ለአማችህ ብቻ ረጅሙ ውስጥ ናት በለው። ሌላ ማንም እንዳይሰማ።»

ስሞቹን የሚገዛው ሰውዬ የምሥጢር ስሙ ዝሆኑ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ ጠበቀው። ጠባቂው በሩን ዘጋ።

ድርጭት የሱቅ ሠራተኛ ልብሱን አስተካክሎ ሁለቱን ሳውንድባሮች፣ የቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያዎቹን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር አኖረ።

«ሁለቱንም በእኩል መጠን ነው የማሰማችሁ። አለዚያ የጮኸው የተሻለ ይመስላል።»

አጭሩን ከፈተ። ንግግሩ ይሰማል፤ ከበሮው ግን እንደ ቆርቆሮ ነው። ረጅሙን ከፈተ። ወለሉ ነዘረ። ሹክሹክታው ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ።

«ይኼ ነው እንጂ!» አለች ሚስትየው። «ያኛውን ጉንፋን ይዞታል።»

ዝሆኑ ሳቀ። «በቃ፣ ረጅሙን።»

ድርጭት እፎይ አለ። አማቹ ነግሮት ቢሆን ዝሆኑ ረጅሙን አይመርጥም ነበር፤ አማቹ ንጹሕ ነው። ማይክሮፎኗ ሳትገባ ብትቀርም ግድ አልሰጠውም።

የዝሆኑ ስልክ ነዘረ።

አነበበው። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«መፍቻ አምጣ» አለ ጠባቂውን። «ረጅሙን ፍታልኝ።»

ድርጭት ረጅሙን በእጁ ከለለ።

«ጌታዬ፣ ከተፈታ ዋስትናው ይሰረዛል!»

«ዝም በል።»

ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

ሽፋኑ ተነሣ። ሽቦ። ማግኔት። ሌላ ምንም የለም።

«ቀባጣሪ!» አለ ዝሆኑ ስልኩን እያየ። ከዚያ ዓይኑ አጭሩ ላይ ዐረፈ። «እስቲ ይኼንንም...»

«ንካውና እናቴ ቤት ነው የማድረው!» ሚስትየው ብድግ አለች። «አንዱን በላኸው፣ አይበቃህም? ሰው ፊት አዋረድከኝ እኮ! በል ልጄ፣ አጭሩን ግጠምልኝ።»

«ጉንፋን ይዞታል ብለሽ አልነበር?»

«ጉንፋን አልኩ እንጂ መች ሞተ አልኩ!»

ዝሆኑ ሽጉጡን አነሣ።

ሽጉጡ ወደ ወገቡ ተመለሰ። «ግጠምላት።»

ገጠመው።

መኪናው ውስጥ ሲገባ አማቹ ፊቱን አላየውም።

«ተሳካ?»

«ረጅሙን ፈቱት።»

«ማን ነግሯቸው?»

አማቹ መሪውን ጨምቆ ያዘ። መብራቱ ጋ ሲደርሱ ሁሉን በማይክሮፎኗ የሰማው አለቃ የላካቸው ሁለት መኪኖች፣ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ዘጓቸው።

ያን ጊዜ አማቹ መታለሉ ገባው።

«አንተ፣ ልጆቼ እኮ የእህትህ ልጆች ናቸው!»

«የነርሷም ልጆች አሉ» አለና ድርጭት በሩን ከፍቶ ወረደ። ወደ ኋላ አልዞረም።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ስልኩ ጠራ። እህቱ ናት።

«ባሌ ስልክ አያነሣም። አብራችሁ ናችሁ?»

«አይ» አለ። «አሁን ተለያየን።»

«ታዲያ አንተስ ለእራት አትመጣም?»

ስልኩን አጠፋ፤ ሲም ካርዱን ሰበረ። የመጣው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አልጠየቀም። ከተሳፋሪው ጋር ተጋፍቶ ገባ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።