ያልረጋው ደም

ነጋዴው ፈድሉ አርብ ንጋት ላይ ከመንጋጋው የሚፈሰው ደም አልቆም ብሎ ሞተ። ነቀምቴም ገዳዩን ለማወቅ እሑድን አልጠበቀችም፤ «ጥርስ ሐኪሙ ደሙን መጥጦ ገደለው» አለች፣ አበቃ። ቀበሌው ጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ተረፋ ሰኞ ተላልፎ እንዲሰጠው ፖሊስን ጠይቋል። በዚያ ዘመን ደግሞ አንዴ ቀበሌ እስር ቤት የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ምርመራው የተጣለው በሻምበል ወሰኔ ላይ ነው። ከደሴ ከተዛወረ ሦስት ዓመት ሞላው፤ እስካሁን እራቱን ሆቴል ውስጥ ብቻውን ይበላል። ሬሳው ሳይቀበር ሲያየው፣ ክንዱና ጉልበቱ ላይ ቢጫ ማለት የጀመረ ብልዝ ነበር።

«አካም ቡልተኒ፣ ጓድ ሻምበል» አለ ዶክተሩ ክሊኒኩ በር ላይ፤ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ማለቱ ነው። «ደም መጠጣ አይደለም። ከራሱ ክንድ ደም ቀድቼ በማሽን አሽከረክረዋለሁ። የሚረጋውን ወፍራም ነገር አጥንቱ በተቦረቦረበት እሞላዋለሁ፤ ቁስሉ ቶሎ ይድናል።»

«ሐሙስ፣ ፈድሉን ሲያክሙትስ?»

«መንጋጋውን ከከፈትኩ በኋላ ቀዳሁ፤ ትኩስ መሆን አለበት። አልረጋም። ቁስሉም አልረጋም።»

መደርደሪያው ላይ የፈድሉ ስም ያለባቸው ሁለት ቱቦዎች ቆመዋል። ሻምበሉ ዘነበል አደረጋቸው። ከሳምንት በፊት ለሙከራ የተቀዳው ንቅንቅ አላለም፤ የሐሙሱ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

ሻምበሉ እጅጌውን ሰበሰበ። «ከዚያው ሳጥን በወጣ ቱቦ የእኔን ይቅዱ።»

በስምንት ደቂቃ ረጋ።

ከዚያ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። ለፈድሉ አሥራ አራት ዓመት ምግብ ያበሰለችለት ሙሉነሽ በሩን ከፈተችለት። ጠረጴዛው ላይ አሁንም የእሱና የእሷ ሁለት ኩባያ ተቀምጧል። ጓዳው ውስጥ የበቆሎው ጆንያ በአይጥ ተቦድሷል፤ ጥጉ ላይ ሁለት ባዶ የአይጥ መርዝ ፓኬት ወድቋል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ወልደገብርኤልም መጣ።

«ከገጠር፣ ከጉቴ ወተት አመጣለት ነበር፤ ከአንድ ማሰሮ ነው የምንጠጣው» አለ። «ማክሰኞ ዕለት ድዱ ሲደማ አይቻለሁ። ሲሻለው ቡታጅራ፣ ልጆቹ ዘንድ ሊገባ ነበር። ጓዙን ሸክፎ ጨርሷል።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ብልዙ የቆየ ነው፤ ድዱም የደማው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው» አለ ሻምበሉ። «ስለዚህ ነገሩ የተጀመረው ቢላ ሳይነካው ነው። ቱቦዎቹም ንጹሕ ናቸው፤ የእኔ ደም ረግቷል። ዶክተሩ ጥፋት ቢኖርበት ደግሞ የሐሙሱን ቱቦ ገና ድሮ ደፍቶ ባጠበው ነበር። ዶክተር፣ ደም በቀናት ውስጥ እንዳይረጋ የሚያደርገው ምንድን ነው?»

«የአይጥ መርዝ» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። «በትንሽ በትንሹ ከተሰጠ።»

«ፈድሉ መንጋጋው ስለታመመ ማኘክ አይችልም ነበር። የሚጠጣው ወተትና አጥሚት ብቻ ነው። ወተቱን ወልደገብርኤልም ጠጥቶታል፤ ይኸው ደህና ነው። እትዬ ሙሉነሽ የሚሠሩለትን አጥሚት የሚጠጣው ግን ፈድሉ ብቻ ነበር። እዚህ ቤት ሁለት ፓኬት መርዝ አልቋል፤ አይጦቹ ግን ጆንያውን እየበሉ ነው። መርዙ የት ገባ፣ እትዬ ሙሉነሽ?»

ሙሉነሽ ኩባያዎቹን ታያለች።

«እንዲሞት አይደለም፣ ጌታዬ» አለች። «በደም እንደሚመጣ በምን አውቄ? ትንሽ ቢደክም መንገዱ ይቀራል ብዬ ነው። አልጋ ላይ ቢውል እኔ አስታምመዋለሁ። እሱ ከሄደ ማን አለኝ? በዚህ አገር ስሜን የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር።»

ወልደገብርኤል ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ዶክተር ተረፋ ነፃ መውጣቱ ቢገባውም ደስ ሊለው አልቻለም። ሙሉነሽ ተነስታ ኩባያዎቹን አጥባ ደፍታ አስቀመጠቻቸው፤ ከዚያ በር ላይ ይጠብቅ ከነበረው ፖሊስ ጋር ወጣች።

ሻምበል ወሰኔ ባዶው ቤት ውስጥ ቅጹን ሊሞላ ቀረ። የገዳይን ስም ቶሎ ጻፈ። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩን አስቀመጠ። በመጨረሻ «ብቻዋን እንዳትቀር» ብሎ ጻፈና በሩን ቆልፎ እራቱን ሊበላ ወደ ሆቴሉ ሄደ።