የማይድነው ግራ ጆሮ

ተለማማጇ በመጀመሪያው ቀን የያዘችው የተሳሳተውን ጆሮ ነበር።

አምስት ደቂቃ ሙሉ ከቀኝ ጆሮው ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ በአውራ ጣቷ ስትጫን፣ ሊታከም የመጣው ሰውዬ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ... የሚያመኝ ግራው ነው።»

«ውይ በሞትኩት! ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«እንጃ... አንዴ ከጀመሩ በኋላ አፌ ተሳሰረ።»

የምትገባበት ጠፋት።

ሰውዬው መስታወት ቆራጭ ነው። ሲቆርጥ ትንፋሹን ይይዛል፣ ጥርሱን ይነክሳል። ሐኪም አይቶት «ጆሮህ ደህና ነው፤ ሕመሙ ከመንጋጋህ ነው» ብሎታል። እሷ ደግሞ በጣት ግፊት የምታክም አክስቷ ዘንድ ሙከራ ላይ ነች። አክስቷ በሥራ ላይ ዘመድ አታውቅም፤ የበሽተኞቹን ካርድ አይታ ወይ ትቀጥራታለች፣ ወይ ታሰናብታታለች።

ካርዱ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሕመሙ ዛሬ ከአሥር ስንት ነው?

በመጀመሪያው ቀን «ስምንት» አለ። በሁለተኛው «ስድስት» አለ። ከዚያ ወዲያ ግን... በቃ፣ ስድስት!

ነገሩ ከነከናት። ከጆሮው ፊት ለፊት፣ አፍ ሲከፈት የምትጎደጉደውን ቦታ ሞከረች። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለውን ሥጋም ሞከረች። እናቷን ሳይቀር አስቀምጣ ተለማመደችባቸው።

«ልጄ፣ እኔን እኮ ጆሮዬን አላመመኝም!»

«ቆይ እማዬ፣ አንዴ ብቻ!»

አንድ ቀን አክስቷ ካርዱን አነሳች።

«ሰባት ጊዜ መጥቶ አሁንም ስድስት? ይሄ ሥራ ላንቺ አልተፈጠረ ይሆን?»

«አንድ ቀጠሮ ብቻ ስጪኝ፣ አክስቴ።»

«እሺ። ሐሙስ ካልተሻለው ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

ሐሙስ ዕለት የማከሚያ ክፍሉን መጋረጃ ልትገልጥ ስትል በክፍተቱ አየችውና ቆም አለች። መስታወት ቆራጩ ተራውን እየጠበቀ በስልክ ያወራል። ስልኩን በትከሻውና በግራ ጆሮው መሃል ወትፎታል። ይስቃል፣ ደግሞ ኦቾሎኒ ይቆረጥማል!

ደሟ ፈላ። ግን ከንዴቷ ይልቅ ነገሩን የማወቅ ጉጉቷ በለጠ። እንደ ወትሮው አስተኛችውና ከጆሮው ሥር ጠበቅ አድርጋ ተጫነች። ፊቱ አልተኮማተረም። መንጋጋው እንደ ሊጥ ለስልሷል።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ስድስት።»

«አንተ!» እርስዎ ማለቱ እዚያው ቀረ። «ለምን ትዋሸኛለህ? አክስቴ ናት የላከችህ? ልትፈትነኝ?»

«ኧረ በፍጹም!» ብድግ ብሎ ተቀመጠ። «ከሦስተኛው ቀን በኋላ አሞኝ አያውቅም። ግን... ዜሮ ካልኩሽ ደህና ሁን ትይኛለሽ። ከዚያ በምን ሰበብ ልይሽ?»

ልቧ ቀለጠ። እንባዋም መጣ።

«በአንተ ስድስት እኔ ዛሬ ልባረር ነው እኮ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ወደ አክስቷ ክፍል ሮጠ።

«እትዬ፣ ልጅቱ ከዳነች ቆየች... ማለቴ እኔን አድናኛለች! የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

አክስቷ መነጽሯን አወለቀች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማለሁ። ጤናውን የደበቀ ግን ዛሬ ገና አየሁ!» ወደ ተለማማጇ ዞረች። «አንቺስ በምን አወቅሽ?»

«መንጋጋው ለስልሷል። ስጫነውም አይኮማተርም።»

«ሰው ከሚልሽ ይልቅ ጣትሽን ካመንሽ ተቀጥረሻል። እሱ ግን ከእንግዲህ እዚህ አልጋ ላይ አይተኛም። ጤነኛ አናክምም።»

መስታወት ቆራጩ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በሩ ላይ ደረሰችበት።

«መስታወት ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም» አለችው። «እንዴት ነው ሳይሰነጠቅ የሚቆረጠው? ነገ መጥቼ ልይ?»

«ነይ... ግን እጄ ቢንቀጠቀጥ እንዳትስቂብኝ።»

በማግስቱ ሄደች። እሷን እያየ የቆረጠው መስታወት ጠማማ ሆኖ ወጣ። እሷም ሳቀች፤ እንዴት አትስቅ! ያ ጠማማ መስታወት ዛሬ መኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ባልና ሚስቱ በየማለዳው ፊታቸውን የሚያዩት በእሱ ነው።