የዓርብ መዶሻ

ሙናዊር የሞተው በገዛ ወንበሩ ሥር ነው፤ ከምን አለሽ ተራ ምድጃ ሠሪዎች በላይ በተከራያት ክፍል፣ በካሜራ ማቆሚያ ብረት ራሱን ተመትቶ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬሳውን ያገኘው አብሮ አደጉና ቪዲዮ አቀናባሪው ቶማስ ነበር። ያገኘ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይጠረጠራልና፣ ቶማስ ሁለት ቀን ጣቢያ አደረ።

እሑድ ጠዋት ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ተሰጠ። ይህች ሴት ስታዳምጥ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሰዎች ያንቀላፋች ይመስላቸውና ከልክ በላይ ያወራሉ።

ደረጃው ሥር የሟቹ አባት ጋሼ ሙደሲር ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት ምድጃ ቀጥቅጠው፣ ዓምና ቀኝ እጃቸው ሽባ ሆነ። አሁን በግራቸው ውዳቂ ብረት ይለያሉ።

«ገዳዩን መፈለግ ያንቺ ሥራ ነው ልጄ» አሉ። «እኔ የምለምንሽ ቪዲዮውን ነው። እጄ ደህና ሳለ ሁለት ዓመት ስሠራ ቀርጾኛል። የኔ እጅና የሱ ድምፅ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሃርድ ዲስኩ ጠፋ አሉኝ።»

«ዓርብ ምን ሲሠሩ ነበር ጋሼ?»

«ጁምዓ ሰግጄ ተመለስኩ፤ ብረቴን ለየሁ። እሱ ፎቁ ላይ ሥራውን የያዘ መስሎኝ!»

ላይ ክፍሉ ውስጥ ቶማስ በፖሊስ ታጅቦ ቆሟል። ሳምራዊት ደግሞ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። የኤግዚቢሽን አዘጋጅ ናት፤ የሙናዊርን ሥራ ለዓለም አሳያለሁ ያለችው እሷ ነበረች።

«እዚህ መጨረሻ የመጣሁት ረቡዕ ነው» አለች። «ዓርብ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ በስልክ አወራን። ስለ አዲስ ሥራ ስነጋገር ሁሌ እቀዳለሁ። ከሰባት ተኩል በኋላ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ አሥር ሰው ያውቃል።»

ቅጂውን ከፈተችው። ሰብለ ወንጌል ዓይኗን ጨፈነች።

«ሳምሪ፣ የአባቴን ፊት አላሳይም፤ እጁን ብቻ» ይላል ሙናዊር። ከኋላው መዶሻ ይንጫጫል። «ተመልካቹ እጁን አይቶ ስለ ሰውየው ይጠይቅ።»

«ጽሑፍ አንጨምርበትም?»

«ምንም! ቆይ፣ መዶሻው አላስወራን አለ፤ መስኮቱን ልዝጋው።» ጫጫታው ራቀ።

ቶማስ አንገቱን ደፋ። ሙናዊር ሰባት ሰዓት ላይ በሕይወት ከነበረ፣ የሚቀረው ተጠርጣሪ እሱ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ስትገልጥ ያረፈው የሳምራዊት ቦርሳ ማንጠልጠያ ላይ ነበር። የብር መልክ ያለው ቀለም ነክቶታል።

«ቶማስ፣ የደረጃው መደገፊያ መቼ ተቀባ?»

«ዓርብ ጠዋት። ሙናዊር ነው በምድጃ ቀለም የቀባው። አባቱ ሲወጡ ዝገቱ እጃቸውን እንዳይልጠው ብሎ።»

«ጋሼ ሙደሲርን ጥሯቸው» አለች።

ሽማግሌው መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ እዚህ መስመር ማን ይቀጠቅጣል?»

«ማንም! እኛ መስጊድ ነን። ክርስቲያኖቹም እስክንመለስ መዶሻ አያነሱም። በራጉኤል ዕለት ደግሞ እኛ ዝም እንላለን። የአባቶቻችን ወግ ነው።»

«ድምፁ ከቪዲዮው ይሆናላ!» አለች ሳምራዊት።

«የቪዲዮ ድምፅ መስኮት ሲዘጋ አይቀንስም። ይህ ቅጂ የሌላ ቀን ነው። አስመሳዩ ቶማስ ቢሆን ኖሮ፣ እዚሁ ያደገ ነውና በጁምዓ ሰዓት መዶሻ አያሰማንም ነበር። ረቡዕ መጣሁ አልሽ፤ ቦርሳሽን የነካው ግን የዓርብ እርጥብ ቀለም ነው። መስመሩ ለሶላት ሲወጣ ጠብቀሽ ገባሽ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ሙናዊር ሞቶ ነበር።»

ሳምራዊት ብዙ አልተከራከረችም። «ሥራውን ለውጭ አገር ኤግዚቢሽን ቃል ገብቼበት ነበር። ‹አባቴ ካልፈቀደ አላወጣውም› አለኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ዲስኩን ይዤ ወረድኩ፤ ከዚያ ፈራሁ፤ ደረጃው ሥር ካለው የብረት ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት።»

ቶማስ ሊወርድ ተፈናጠረ። «እዚያው ይሆናል! ይገኛል!»

«ተው ልጄ» አሉ ጋሼ ሙደሲር። ግድግዳውን ተደገፉ። «ጥቁር ነው? ከሥሩ አሉሚኒየም ያለው?»

ሳምራዊት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ማዳበሪያው የኔ ነው። የተበላሸ ኮምፒውተር ሁሌ ይመጣልኛል። ከጁምዓ መልስ ለአሉሚኒየሙ ብዬ ሰበርኩት። ውስጡ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ግራ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ሦስቴ ነው የመታሁት።»

ሽማግሌው ዞረው ወጡ። ሲወርዱ መደገፊያውን በግራ እጃቸው ያዙት። ቀለሙ ደርቋል።