በእጅ የተጻፈ ተመን

ረቡዕ ረቡዕ እንዝርት ፍጥነቷን ስለምትቀንስ፣ ሐረገወይን ሥራ የምትጀምረው የውኃ ኮዳዋን ከጠረጴዛው እግር ጋር በገመድ አስራ ነው። እንዝርት በጠፈር የምትሽከረከር ከተማ ናት፤ ነዋሪዋ ወለል ረግጦ የሚሄደው በዚያ ሽክርክሪት ምክንያት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ግን የምትሽከረከርባቸው ትልልቅ ኩሽኔታዎች እንዲቀዘቅዙ ዝግ ትላለች፤ ያኔ ያልታሰረ ነገር ሁሉ ይንሳፈፋል። ድሮ ይህ የሚፈጀው አንድ ሰዓት ነበር። አሁን ግማሽ ቀን ሆኗል፤ ሰዉም ለምዶት ረቡዕ ወጥ መሥራት ትቷል።

የዕለቱ ሥራዋ ቀላል ነበር፤ በእትዬ አሰለፈች የመለዋወጫ ሱቅ ድረ ገጽ ላይ የገንዘብ መመንዘሪያ መጨመር። ሱቁ ቧንቧ እንዳያፈስ የሚገባውን ጓርኒሲዮን፣ ማጣሪያ፣ ቫልቭና የመሳሰለውን በሩቅ ላሉ አሥራ ሰባት ሰፈሮች ይሸጣል። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ገንዘብ አለው። ሱቁ ግን ዋጋውን ሁሉ የሚጽፈው ዙር በሚባለው በእንዝርት ገንዘብ ብቻ ነበር። የጉድባው አቶ ጉርሜሳ ደብዳቤ እስኪጽፉ ድረስ በዚህ ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

ጉድባ በአንዲት ሩቅ ጨረቃ በረዶ ውስጥ የተቆፈረ ሰፈር ነው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ይኖርበታል። የሚሸጡት ውኃ ነውና ገንዘባቸውን ጠብታ ብለውታል።

«የተከበራችሁ ባለሱቆች፣» ይላል ደብዳቤው፤ «ሁለት ጓርኒሲዮን ለመግዛት እዚህ ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ ሒሳብ ይሠራል። ዋጋውን በጠብታ ብትጽፉልን ምን ይጎዳችኋል? ምርቃቱንም እንዳትረሱ።»

እትዬ አሰለፈች ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብበው ከት ብለው ሳቁ። «እውነታቸውን ነው! በይ ሐረግ፣ ዛሬውኑ ሥሪላቸው። ምርቃቱም በገንዘባቸው ይጻፍ።»

እትዬ አሰለፈች ምርቃት ሳይጨምሩ ዕቃ አስወጥተው አያውቁም። አምስት ቫልቭ ለገዛ አንድ ብሎን፣ ማጣሪያ ለገዛ አንድ ጨርቅ። የየወደቡ ፈታሾች ደግሞ ዋጋ ያልተጻፈበትን ዕቃ አያስገቡም፤ ስለዚህ የስጦታውም ዋጋ ደረሰኙ ላይ መስፈር አለበት።

ተመኑን የሚሰጠው ተማኝ ነው። ተማኝ ሰው የማይነዳው ግዙፍ የስሌት አእምሮ ነው፤ በዓለማቱ ሁሉ የሚለጠፈውን ዋጋ፣ የሚፈረመውን ውል፣ የሚነሣውን መርከብ ሲያነብ ውሎ የየሰፈሩ ገንዘብ ስንት እንደሚያወጣ ይናገራል፤ ለዛሬ ብቻ ሳይሆን ለመጪውም ቀን። መርከብ የሚልክም ሆነ ዋስትና የሚሰጥ እሱን ሳይጠይቅ አይንቀሳቀስም። ተሳስቶ አያውቅም ይባላል።

የሱቁ ደንበኛ የሚከፍለው ዕቃው እጁ ሲገባ ነው። የሱቁን ዕቃ የሚጭነው ዘገምተኛ መርከብ ደግሞ ጉድባ ለመድረስ ሰባት ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ ሐረገወይን መመንዘሪያውን ዕቃው የሚደርስበትን ቀን ተመን እንዲጠይቅ አድርጋ ሠራችው። ከምሳ በፊት ጨርሳ ሞከረችው። የአሥራ ስድስቱ ሰፈር ዋጋ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የጉድባ ሣጥን ባዶ ነበር።

ዜሮ ቢሆን ደግ ነበር፤ ዜሮ እንኳ ቁጥር ነው። ይህ ግን ምንም አልነበረም። «የኔው ዝርክርክነት ነው» ብላ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች መረመረች። እንከን የለውም። ቀኑን ወደ ኋላ እየመለሰች ሞከረች። ለኅዳር አንድ ዙር በአርባ ጠብታ ይላል። ለጥር አርባ አራት፣ ለየካቲት ሥልሳ። መጋቢት ሁለትም ቁጥር አለው። መጋቢት ሦስት ባዶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውም ቀን ሁሉ ባዶ ነው።

ተማኙን ጠየቀችው። ወዲያው መለሰ።

«ጤና ይስጥልኝ። ስሕተት የለም። ከተጠቀሰው ቀን ጀምሮ በዚህ ገንዘብ የሚገዛም የሚሸጥም ሰው አይኖርም። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

የመርከቦቹን መርሐ ግብር ከፈተች። በየካቲት መጨረሻ ለጉድባ የአየር ማጣሪያ የሚያደርሰው ፈጣን መርከብ ተሰርዟል፤ ምክንያቱ «ለመድረሻው ተመን የለም» ይላል። ተመኑ ለምን እንደሌለ ተማኙን ስትጠይቀው፣ «ወደ ስፍራው የሚሄድ መርከብ የለም» አላት። መርከበኞቹ ተማኙን አይተው ቀሩ፤ ተማኙ መርከበኞቹን አይቶ ተስፋ ቆረጠ። ጉድባን ላጥፋ ብሎ የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ሐረገወይንን ያስፈራት ይኸው ነው።

እትዬ አሰለፈች መደርደሪያ ተደግፈው ዕቃ ሲያስሩ አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ የጉድባ መርከብ ቀርቷል። አየር ማጣሪያ የሚወስደው። ተማኙ ከመጋቢት በኋላ እዚያ ሰው የለም እያለ ነው።»

«ምን ማለት ነው ሰው የለም?»

«የለም ነዋ እትዬ።»

እትዬ አሰለፈች የያዙትን ክር ለቀቁት፤ ክሩም ቀስ ብሎ ወደ ጣራው ሄደ። «ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«እንዴት ብለው? ቢያውቁ ጓርኒሲዮን ያዛሉ?»

«ለወደብ ሹሞች ንገሪያ!»

«ነገርኳቸው። ተማኙን ጠይቂ አሉኝ።»

እትዬ አሰለፈች ግን፣ «አሁን አርባ ነው ብለሽ የለ? በእጅሽ አርባ ብለሽ ጻፊዋ» አሉ።

«የሽያጭ ዋጋ ከተማኙ ውጭ የጻፈ ሱቅ ፈቃዱ ይሰረዛል። የንግድ ፈቃድ ውሉ ላይ ሰፍሯል።»

«የሽያጭ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ የሽያጭ።»

«ታዲያ ምርቃት ሽያጭ ነው እንዴ?»

ሐረገወይን አፍጥጣ አየቻቸው። አርባ ዓመት የነገዱ ሴትዮ መሆናቸው አንዳንዴ ይረሳታል። ጓርኒሲዮኖቹን እንደ ድሮው በዙር ተወቻቸውና ከሥራቸው እንዲህ ብላ ጨመረች፦ ምርቃት፣ አንድ ጥቅል የቧንቧ ቴፍሎን፣ ሰማንያ ጠብታ፣ መድረሻ ቀን ግንቦት አሥራ አራት። ለሁለት ዙር ቴፍሎን ነበር ይህ ሁሉ።

ለአቶ ጉርሜሳ እውነቱን ልትጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ሰረዘችው። ለስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው እንዲህ ያለው ነገር በምን ቃል ይነገራል? በመጨረሻ የላከችው ይህን ነው፦ «ትንሽ የማሽን ችግር ገጥሞን ነው፤ ምርቃቱን በእጅ ጽፈነዋል።» ልካም አፈረች። ዋሽታለችና።

በሦስተኛው ቀን የጉድባ ሣጥን ሞላ። አንድ ዙር በአርባ ጠብታ። ተማኙ የተለጠፈውን ዋጋ ሁሉ ያነባል፤ ስለ ጉድባ ግንቦት ያገኘው ጽሑፍ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የቴፍሎኑ ዋጋ። የሚቃረነው ሌላ ቁጥር ስላልነበረ ያንኑ ተመን አደረገው። ሌሎች ሱቆች ከተማኙ ቀዱት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአየር ማጣሪያው መርከብ መርሐ ግብሩ ላይ ተመለሰ፤ በወሩም መጨረሻ ተነሣ።

እትዬ አሰለፈች እልል አሉ። ሐረገወይን ግን እልልታውን አልተቀበለችም። የሕዝብ ነፍስ በአንድ ጥቅል ቴፍሎን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አምና የሱቁ ዝርዝር አሥራ ስምንት ሰፈር እንደነበረው ትዝ አላት። አሥራ ስምንተኛው ደብዳቤ መጻፍ ሲያቆም ሰዎቹ ተዛውረዋል ተብሎ ነበር የተነገራቸው። ወዴት እንደተዛወሩ የጠየቀ አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም። የዚያን ሰፈር ስም ከዝርዝሩ ያጠፋችው በራሷ እጅ ነው።

ጥር ገባ። በወሩ ሁለተኛ ረቡዕ እንዝርት ጠዋት ዝግ እንዳለች ቀኑን ሙሉ ሳትፈጥን ዋለች። ከቀትር በኋላ ከአንዱ ሰፈር የማጣሪያ ትእዛዝ መጣ፤ መድረሻው ነሐሴ ሃያ። ሐረገወይን መመንዘሪያውን ነካችው። ሣጥኑ ባዶ ነው።

«ደግሞ እነዚህ!» ብላ ለዚያው ለነሐሴ ሃያ የሌላውን ሰፈር ጠየቀች። ባዶ። የሌላውን። ባዶ። አሥራ ሰባቱንም ጨረሰች። መሣሪያው ተበላሸ ብላ ለአፍታ ደስ አላት። አሥራ ሰባት ሰፈር በአንድ ቀን አይጠፋማ!

ወዲያው ግን ገባት። የሁሉም ዋጋ የሚመነዘረው ከዙር ነው። የጠፋው ዙር ነው። የራሷን ከተማ ገንዘብ ነገር ጠይቃ አታውቅም ነበር፤ ዙርን በዙር ማን ይመነዝራል? በገመድ ታስራ የምትንሳፈፈውን ኮዳ አየች። አንድ ሰዓት የነበረው ግማሽ ቀን ሲሆን፣ ግማሽ ቀኑም ቀን ሲሆን ወጥ መሥራት ትተው ዝም ብለው ነበር።

ለነሐሴ ሃያ የምርቃት ዋጋ በዙር ጽፋ ለጠፈች። ተማኙ ወዲያው መለሰላት።

«ጤና ይስጥልኝ። አንድ ሰፈር ስለ ራሱ ገንዘብ የሚጽፈውን አልቆጥርም። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

መልስ ሳትሰጠው የደብዳቤ ደወል ጮኸ። ከጉድባ ነው።

«ይድረስ ለወይዘሮ አሰለፈች ሱቅ። እኛም በበኩላችን ውኃ የምንሸጥበት ድረ ገጽ ከፍተናል። የእናንተ ከተማ ሰው ከገዛን አንድ ጀሪካን ምርቃት አለው። ትንሽ የማሽን ችግር ገጥሞን ነው፤ ምርቃቱን በእጅ ልንጽፈው ነው። አንዱን ዙር በስንት እንበለው? ጉርሜሳ።»

ሐረገወይን ደግማ አነበበችው። ቃሉ የራሷ ነው፤ አንድም አልተለወጠም። አቶ ጉርሜሳ ያኔ ስለ ራሳቸው ሰፈር ያውቁ ነበር፤ እያወቁ ነበር ሁለት ጓርኒሲዮን ያዘዙት፣ ምርቃቱንም አትርሱ ያሉት። ዛሬ ደግሞ ስለ እሷ ከተማ ያውቃሉ፤ በምን ቃል እንደሚነገር ግን እሳቸውም አላገኙትም።

ለጉድባ አርባ ብላ ስትጽፍ እጇ አላመነታም ነበር። አሁን የምትነግራቸው ግን የራሷን ከተማ ዋጋ ነው። ከመደርደሪያው ወዲያ እትዬ አሰለፈች የሚንሳፈፉ ብሎኖች እየለቀሙ በከረጢት ሲያስገቡ ይሰማታል።

«እትዬ፣» ብላ ተጣራች፤ «እኛ ስንት ነን?»